አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር

ሱቃችን ምድር ቤት፣ መስኮቱ ጉልበት ሥር፤
ሶፊያ ላይ ደንበኛ ተንበርክኮ ነው የሚነጋገር።
እኔ ከታች ሆኜ፣ ሰው ሲመጣ የማየው
መጀመሪያ ጫማውን ነው፤
በረዶ የነከሰው ቆዳ፣ የተፈታ ማሰሪያ፣
ከዚያ ጉልበት ይታጠፋል፤ ፊት ይመጣል መጨረሻ።

ስቶይና ግን ፊት አታይም፤
ዓይኗ ብየዳው ላይ ነው።
«ምን አለ?» ትላለች እንጂ «ምን ሆነ?» አትልም።

ልዩነቱን ለማወቅ አንድ ክረምት ፈጀብኝ፤
ማሽን ሲነቃ፣ ስክሪኑ ገና ጨለማ ሳለ፣
ዓይን ሳያበጅ በፊት፣ አፍ እንዳለው ገባኝ።
ራሱን ይዳስሳል፤ ይህ አለ? ያ አለ? ይላል፤
አንዱ ከጎደለበት፣ በቁጥር ይጮኻል።

አንድ አጭር ጢጥ፣ «ደህና ነኝ» ማለቱ፣
እንደ ጎረቤት ሰላምታ፣ ሳይቆም፣ ሲወርድ ከቤቱ።
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር፣
ዓይኑን ነው ያመመው፤ የምስሉን ካርድ መርምር።
አምስት አጭር ከሆነ ዋጋ እንዳታወራ፤
ፕሮሰሰሩ ነው፤ ቀስ ብለህ ንገር፣
እንደ መርዶ፣ ሰው ባለበት፣ በጋራ።

ማባሪያ የሌለው ረጅም ዋይታስ?
ሜሞሪው ነው። አትደንግጥ። ፈልግ ላጲስ።
ንቀለው፤ ጥርሶቹን እሻቸው፣
እንደ ተሳሳተ ፊደል፣ ሳትጨክንባቸው፤
ጥቁሩ ሲለቅ ከሥሩ ወርቅ ይወጣል።
(ቅኔ የማታውቅ ሴት ሰሙን በላጲስ ስታስለቅቅ
እኔ አይቻለሁ፤ ማን ያምነኛል?)

«ደግሞ ተጠንቀቅ» ትለኛለች፣
በቅባት የወዛ ደብተሯን እየገለጠች፤
«ፋብሪካው ሲለይ ቋንቋውም ይለያል፤
ያንዱ ሦስት ጩኸት፣ በሌላው አፍ ሌላ ይሆናል።»

አንድ ማክሰኞ ቡናማ ጫማ መጣ፤
መምህር ልዩበን፣ ልጆች መዝሙር የሚያስጠና።
ማሽኑን አልያዘም። «አራተኛ ፎቅ ነኝ፤ ሊፍቱም ተበላሽቷል» አለና
በረዶው ላይ ተንበርክኮ ዘፈነው፤
ረጅሙን አንዴ፣ አጭሩን ሁለቴ፣
ቃናው ሳይዛነፍ፤ ከዚያም እንደገና።
«ካርዱን ነቅለህ መልሰህ ትከለው» አለችው፣ ራሷን ሳታነሳ።
በነጋታው መስኮቱ ላይ አንድ ብልቃጥ የበለስ ማርማላታ፣
ወረቀት ተለጥፎበት፦ «ተነሳ»።

በመጋቢት ተመለሰ። ጫማው ያው፤
የወሩ ቀይና ነጭ ክር እጁ ላይ ታስሯል።
ተንበረከከ። አፉን ከፈተ።
ምንም አልዘፈነ።
«ይኼን ነው የሚለው» አለ፣ «ሌላ የለም።»

ስቶይና ብየዳውን አስቀመጠች።
ቀና አለች፤ ያኔ ፊቱን አየች።
«ማራገቢያው ይዞራል?» «ይዞራል።»
«መብራቱስ?» «ይበራል።»
«ቀድሞ ሲጮህ፣ ቤት ውስጥ ማንን ይረብሻል?»

መምህሩ ክሩን እያሻሸ ቆየ።
«አባቴ» አለ። «ከጎን ክፍል ነው። እንቅልፉ ቀላል ነው፤
ሌሊት እሠራለሁ... ትንሿን ሽቦ እኔ ነኝ የነቀልኳት፤
ያቺን ቀይና ጥቁር፣
ጫፏ ላይ የሳንቲም ታህል ድምፅ ማውጫ ያላት።»
«ሲነግርህ ሰንብቷል» አለችው፣
«አፉን የያዝከው አንተ ነህ።»
ይህን ስትል አልተቆጣችም። እሱ ግን ቆሞ ሲሄድ
ጫማው ከወትሮው ቀስ ብሎ ተራመደ።

በማግስቱ መጥቶ ዘፈነ፤ ረጅም፣ ረጅም፣ ያላቋረጠ፤
መንገደኛ ዞሮ እስኪያይ፣ ውሻ እስኪደነግጥ።
እኔም በመስኮቱ ላጲስ አቀበልኩት።

ማታ ሱቁ ሲዘጋ ደረጃው ሰባት ነው።
ስቶይና ከፊቴ ትወጣለች፤ ጉልበቷ ይንቋቋል፤
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር።
ደብተሩን ገልጬ አይቻለሁ፤ ይኼኛው ቋንቋ የለበትም።
ከላይ ደርሳ ቆመች፤
ከታች የማየው ጫማዋን ብቻ ነው።
«ምን አለ?» አልኳት።

አንድ አጭር መለሰች።